አምስት ረድፍ አይበቃም፦ የፓንዳስ «ሄድ» እና የዘመዶቹ ግምገማ

ሰንጠረዥ ይዞ ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ከነፓንዳስ፣ ማለትም ከነሰንጠረዥ መሣሪያው፣ የከፈተ ሰው መጀመሪያ የሚጽፈው የላይኞቹን ረድፎች የሚያሳየውን ትእዛዝ፣ «ሄድ»ን ነው። ፋይሉን ያስገባል፣ ነጥብ፣ «ሄድ»፣ ባዶ ቅንፍ፣ ኢንተር። አምስት ረድፍ ብቅ ይላል። ስሞቹ አሉ፣ ቁጥሮቹ አሉ፣ «አሪፍ» ይልና ወደ ሥራው ይገባል። ስልጠና ላይ የሚያስተምሩት ይህንን ነው። ዩቲዩብ ላይም ይኸው ነው። አዲስ የተቀጠረ ልጅ ቢሮ ገብቶ የሚያደርገውም ሌላ አይደለም።

እኔ ሰንጋ ተራ አካባቢ ካሉት ፎቆች በአንዱ ተቀምጬ ቀኑን ሙሉ ሰው የላከውን ፋይል ስከፍት እውላለሁ። ከየቅርንጫፉ በቴሌግራም የሚመጣ ኤክሴል እቀበላለሁ፣ አጸዳለሁ፣ አንድ ላይ አደርጋለሁ። በመስኮት የንግድ ባንክ ሕንፃ ይታየኛል፣ ስክሪኔ ላይ ደግሞ የማላውቀው ሰው የሞላው ሰንጠረዥ። ስለዚህ ዛሬ የምገመግመው ማኪያቶ ወይም ስልክ አይደለም። መረጃ ከመነካቱ በፊት አጮልቀን የምናይባቸውን ትእዛዞች ነው። የትኛው ይረባል፣ የትኛው ይሸውዳል?

አቋሜን ከአሁኑ ልናገርና ልገላገል። «ሄድ» ፋይሉ መከፈቱን ይነግራችኋል። ፋይሉ ውስጥ ምን እንዳለ ግን አይነግራችሁም። እነዚህ ሁለቱ የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው፣ ብዙ ሰው ግን በአንድ ትእዛዝ ሁለቱንም የመለሰ ይመስለዋል።

እንግዲህ ከፓንዳስ እንጀምር። ዌስ ማኪኒ የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ2008 ኤኪውአር በተባለ የኢንቨስትመንት ኩባንያ ውስጥ እየሠራ የጀመረው ነው። ዛሬ በፓይተን ሰንጠረዥ የሚነካ ሰው ካለ ፓንዳስ አለ። የፓንዳስ «ሄድ» ቁጥር ካልሰጣችሁት አምስት ረድፍ ያሳያል። አር በተባለው የስታትስቲክስ ቋንቋ ያለው «ሄድ» ስድስት። ሊኑክስ በተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ላይ ያለው አሮጌው «ሄድ» ደግሞ አስር መስመር። ማን ከማን ጋር እንዳልተስማማ እንጃ። ሁሉም ግን ቁጥሩን መቀየር ይፈቅዳሉ፤ ቅንፉ ውስጥ 20 ካላችሁ 20 ይመጣል። ብዙ ሰው የማያውቃት አንዲት ጥሩ ነገርም አለች፦ ቁጥሩን ኔጋቲቭ ካደረጋችሁት፣ ለምሳሌ ኔጋቲቭ 4፣ ከመጨረሻዎቹ አራት ረድፎች በስተቀር ሁሉንም ይሰጣችኋል። ለምን እንደምወዳት ትንሽ ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

«ሄድ» የሚረባበት ቦታ አለ፣ አልክድም። የእኛ አገር የቢሮ ኤክሴል ከላይ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። አንደኛው መስመር ላይ የመሥሪያ ቤቱ ስም፣ ሴሎቹ ተዋህደው፣ መሀል ላይ፣ ደመቅ ተደርጎ። ሁለተኛው ላይ «የ2016 በጀት ዓመት የሦስተኛ ሩብ ዓመት አፈጻጸም»። ሦስተኛው ባዶ። የዓምዶቹ ስም የሚጀምረው አራተኛው ላይ ነው፣ እሱም አንዳንዴ ባለ ሁለት ፎቅ ይሆናል፦ ላይ «የተጠቃሚ ብዛት»፣ ታች «ወ»፣ «ሴ»፣ «ድምር»። ፓንዳስ ይህንን እንዳለ ሲያነበው የመሥሪያ ቤቱ ስም የመጀመሪያው ዓምድ ስም ይሆናል፣ የቀሩት «አንኔምድ 1»፣ «አንኔምድ 2»፣ ማለትም ስም የለሽ፣ እየተባሉ ይሰለፋሉ፣ ከሥራቸው ደግሞ ናን በናን ነው፤ ናን ባዶ ማለት ነው። እዚህ ላይ «ሄድ» ወዲያው ያጋልጣል። አንዴ ታያላችሁ፣ ስታስገቡ የዓምዶቹ ስም የት እንዳለ የሚጠቁመውን «ሄደር» 3 ታደርጋላችሁ፣ ቆጠራው ከዜሮ ስለሚጀምር አራተኛው መስመር ማለት ነው፣ አለቀ።

የተዋሃደ ሴልም እንዲሁ ቶሎ ይታያል። የቅርንጫፉ ስም አንዴ ብቻ ተጽፎ ስምንት ረድፍ የሚሸፍን ከሆነ፣ ፓንዳስ ላይ ስሙ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ብቻ ይቀመጥና የቀሩት ሰባቱ ባዶ ይሆናሉ። «ኤፍፊል» የምትባለው ትእዛዝ ወደ ታች ትሞላዋለች። ለዚህ ሁሉ «ሄድ»ን አመሰግናለሁ።

ጣጣው ያለው ግን ሌላ ቦታ ነው።

ቢሮ ውስጥ አንድ ጋሼ አሉ። ዕድሜ ልካቸውን ሒሳብ የሠሩ ሰው ናቸው፣ ፓይተን የሚባል ነገር አይነኩም። ፋይል ሲሰጣቸው መጀመሪያ የሚያደርጉት ኮንትሮልና ኤንድ ተጭነው የመጨረሻው ሴል ላይ መውረድ ነው። አዲስ የገባው ልጅ ታዲያ «ሄድ» ብሎ አይቶ «ፋይሉ ደህና ነው፣ ጋሼ» አላቸው።

«አምስት መስመር አይተህ ነው ደህና ነው የምትለኝ? ግርጌውን አየኸው?»

«ኧረ ጋሼ፣ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ነው።»

«እስቲ ውረድና እየው።»

ወረደ። ታች «ጠቅላላ ድምር» የሚል ረድፍ ተቀምጧል፣ ከሥሩ አንድ ባዶ መስመር፣ ከዚያ «ያዘጋጀው»፣ ከዚያ «ያጸደቀው»። ይህንን ሳያወጣ የብሩን ዓምድ የሚደምር ሰው መልሱ በትክክል እጥፍ ሆኖ ይመጣለታል። ቁጥሩ ጥርት ያለ ስለሆነ ደግሞ ማንም አይጠረጥርም። ልጁ ሳቀ፣ ጋሼም ሳቁ፣ ከዚያ ወዲህ ያ ልጅ «ቴል» ሳይል ፋይል አይዘጋም።

«ቴል» የተሠራችው ለዚህ ነው። የመጨረሻዎቹን አምስት ረድፎች ታሳያለች። የእኛን የቢሮ ፋይል በተመለከተ፣ ምርጫ ቢሰጠኝና አንዱን ብቻ ውሰድ ብባል፣ «ሄድ»ን ትቼ «ቴል»ን እወስዳለሁ። የፋይሉ አናት ቢበላሽ ኮዱ ራሱ ይጮሃል። ግርጌው ቢበላሽ ዝም ይላል። ያቺ ኔጋቲቭ ቁጥርም የምትጠቅመው እዚህ ነው፦ ድምሩ፣ ባዶው፣ ያዘጋጀው፣ ያጸደቀው፣ አራት ናቸው፤ «ሄድ» ኔጋቲቭ 4 ብላችሁ ታወጧቸዋላችሁ። ከየቅርንጫፉ የሚመጣው ፋይል ግርጌው እኩል ካልሆነ ግን በቁጥር አትቁረጡ፤ አንዱ ጋ ፊርማ ይጨመራል፣ አንዱ ጋ «ማሳሰቢያ» ይጨመራል፣ ከዚያ ትክክለኛ ረድፍ ትቆርጣላችሁ።

አሁን ወደ መሀሉ እንግባ። «ሄድ»ም «ቴል»ም የማያዩት እሱን ነው።

እህል በረንዳ ሄዶ የጆንያውን አፍ ብቻ አይቶ ጤፍ የሚገዛ ሰው አለ? የለም። እጁን ሰደድ አድርጎ ከውስጥ ያወጣል። ፓንዳስ ውስጥ ይህንን የሚያደርገው «ሳምፕል» ነው። ከየትም ቦታ በዕጣ ረድፍ አውጥቶ ያመጣል። ቁጥር ካልሰጣችሁት አንድ ብቻ ነው የሚያወጣው፣ እሱ ትንሽ ንፉግነት ነው፤ 10 ወይም 20 በሉት። «ራንደም ስቴት» የሚለው ቦታ ላይ የፈለጋችሁትን ቁጥር ካስገባችሁ፣ ፋይሉና ቁጥሩ አንድ እስከሆኑ ድረስ፣ እናንተ ያያችሁትን ረድፍ ጓደኛችሁም በራሱ ላፕቶፕ ያየዋል። ያለዚያ «እኔ ጋ ችግር የለም፣ አንተ ጋ ነው» እየተባባላችሁ ትውላላችሁ።

ለምን መሀሉ አስፈላጊ ሆነ? ምክንያቱም ፋይል በዘፈቀደ አይደረደርም። የሆነ ሰው በሆነ ነገር ደርድሮት ነው የሚመጣው። የስታትስቲክስ መሥሪያ ቤታችን ክልሎችን በቁጥር ነው የሚጽፋቸው፦ ትግራይ 1፣ አፋር 2፣ አማራ 3፣ ኦሮሚያ 4 እያለ ይሄድና ጋምቤላ 12፣ ሐረሪ 13፣ አዲስ አበባ 14፣ ድሬዳዋ 15 ነው። አዳዲሶቹ ክልሎች ከመመሥረታቸው በፊት የተሠራ፣ በክልል ቁጥር የተደረደረ የቤተሰብ ጥናት ከከፈታችሁ «ሄድ» የሚያሳያችሁ ትግራይን ብቻ ነው። «ቴል» ደግሞ ድሬዳዋን ብቻ። መሀል አዲስ አበባ ተቀምጣችሁ፣ የአዲስ አበባን መረጃ ፈልጋችሁ፣ በሁለቱም ትእዛዝ አንድ የአዲስ አበባ ቤተሰብ አታዩም። ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚያወርዱት የዓለም ባንክና የስታትስቲክስ መሥሪያ ቤቱ የጋራ ጥናት ላይም ይኸው ይገጥማችኋል፣ ክልሉ በቁጥር ስለሚጻፍ። «ሳምፕል» 20 ስትሉ ግን ከየቦታው ይመጣል።

በቀን ለተደረደረ ፋይልም እንዲሁ ነው። ላይ መስከረም፣ ታች ነሐሴ፣ አንዳንዴም ጳጉሜ። ጳጉሜ ደግሞ የራሷ ወሬ አላት።

ፓንዳስ ቀን ሲያነብ የሚያውቀው የፈረንጁን አቆጣጠር ነው። «05/13/2015» ብሎ የጻፈለት የእኛ ሰው ጳጉሜ 5 ማለቱ ነው። ፓንዳስ ግን ወይ ይጮሃል፣ ወይ ደግሞ፣ ይሄ የባሰው ነው፣ ወሩን መጀመሪያ አድርጎ አንብቦ ሜይ 13 ይላችኋል። «30/02/2016» ጥቅምት 30 ነው፤ እነሱ ጋ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን የለም። ስህተት ሲያገኝ ዝም ብሎ ባዶ እንዲያደርገው የሚያዝ ቅንብር አለ፤ ስልጠና ላይ እንደ ዘዴ ነው የሚነገረው። እሱን ተጠቅማችሁ ከሆነ ጥቅምት 30 እና ጳጉሜ ሹልክ ብለው ይጠፋሉ። የቀረው ሁሉ ደግሞ የሚያምር ቀን ሆኖ ይቀመጣል፣ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት የተሳሳተ። ከ2.0 ቨርዥን ጀምሮ ፓንዳስ የቀኑን አጻጻፍ ዓምዱ ውስጥ ካለው የመጀመሪያ ቀን ገምቶ ለሌላው ሁሉ ያንኑ ይጠብቃል። ያ ጥሩ ለውጥ ነው፣ ቢያንስ መሀል ላይ አይገላበጥም። ግን አሁንም ፍርዱ የተመሠረተው ከላይ ባለው ላይ ነው። «ሄድ» ላይ ሁሉም መስከረም ስለሆነ አንዱም አይታይም። ሰዓትም የተጻፈ ካለ ጠይቁ፤ «3:00» የጠዋቱ ሦስት ሊሆን ይችላል፣ እነሱ ዘጠኝ የሚሉት።

«ሳምፕል»ንም አታምልኩት። አስር ሺህ ረድፍ ውስጥ አንድ ብልሹ ረድፍ ቢኖርና አስር ብታወጡ፣ የመያዝ ዕድላችሁ ከሺህ አንድ ነው። ነጠላ ስህተት በዕጣ አይያዝም። እሱ የሚያዘው በመደርደር ነው፦ የብሩን ዓምድ ከትልቅ ወደ ትንሽ ደርድሩና ያኔ «ሄድ» በሉ። አንድ ደመወዝ 85,000,000 ብር ሆኖ አናቱ ላይ ተቀምጦ ታገኙታላችሁ። ያልተደረደረ «ሄድ» እና የተደረደረ «ሄድ» ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው። ለሁለተኛው ከአስር ዘጠኝ እሰጣለሁ፣ ለመጀመሪያው አምስት።

የፓንዳስ ትልቁ ጉድለት ግን የረድፉ ቁጥር ሳይሆን የዓምዱ ዓይነት ነው። «ሄድ» ስትሉ ዓምዱ ጽሑፍ ይሁን ቁጥር አይነግራችሁም። ከሲኤስቪ፣ ማለትም ዓምዶቹ በኮማ ከሚለዩበት ተራ የጽሑፍ ፋይል፣ የመጣ የስልክ ዓምድ ውሰዱ። ፋይሉ ላይ በ09 ይጀምራል። ፓንዳስ ቁጥር መሰለውና ዜሮዋን ጣላት፣ 9 ብሎ ጀመረ። ከዚያ ደግሞ አንድ ሰው ስልኩን ሳይሞላ ካለፈ፣ ባዶ ስላለ ሙሉው ዓምድ ወደ አሥርዮሽ ይቀየርና እያንዳንዱ ስልክ መጨረሻው ላይ «.0» ይለጠፍበታል። ይህንን «ሄድ» ላይ ታዩታላችሁ፣ ግን ዓይን ይለምደውና ያልፈዋል። ቲን ቁጥር ላይ ደግሞ ይብሳል። ቲን አስር አኃዝ ነው፣ ብዙዎቹ በሁለት ዜሮ ይጀምራሉ። ዜሮዎቹ ሲወድቁ ስምንት አኃዝ ይቀራል፣ ከሌላ ፋይል ጋር በቲን ላገናኝ ስትሉ አንድም አይገጥምም። መድኃኒቱ ስታስገቡ ያንን ዓምድ ጽሑፍ ነው ብሎ መንገር ነው። ለማወቅ ግን «ሄድ» አይበቃም፣ «ኢንፎ» ያስፈልጋል። «ኢንፎ» ዓምዶቹን ወደ ታች ዘርዝሮ፣ ስንቱ እንደተሞላና ዓይነቱ ምን እንደሆነ ይነግራችኋል። ስልክ የሚለው ፊት ለፊት «ፍሎት64»፣ ማለትም አሥርዮሽ ቁጥር፣ ካያችሁ፣ በቃ፣ ችግሩን አገኛችሁት። ችግሩ «ኢንፎ» በበኩሉ ሴሎቹ ውስጥ ካለው አንድም ዋጋ አያሳይም። ስለዚህ ሁለቱን እያፈራረቃችሁ ትጽፋላችሁ፣ ዓይናችሁ ከላይ ወደ ታች ይመላለሳል።

አር እዚህ ጋ ነው የሚያሸንፈው። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አር የተማረ ሰው ይህንን ሲሰማ ደረቱን ይነፋል፣ ይንፋ፣ መብቱ ነው። አር ላይ «ዲፕላየር» የሚባለው ፓኬጅ «ግሊምፕስ» የምትባል ነገር አለችው። ዓምዶቹን ወደ ታች ትደረድራለች፣ ከእያንዳንዱ ስም ጎን ዓይነቱን ታስቀምጣለች፣ ከዚያ እስክሪኑ የቻለውን ያህል ዋጋ ወደ ጎን ትዘረጋለች። በአንድ እይታ ስሙ፣ ዓይነቱ፣ ናሙናው። 120 ጥያቄ ያለው መጠይቅ ቢሆን 120 መስመር ሆኖ ይወርዳል፣ አንድም አይደበቅም። ፓንዳስ በተለመደው ቅንብሩ ጁፒተር በተባለው፣ ኮድ በብሮውዘር በሚጻፍበት መሣሪያ ላይ ከ20 ዓምድ በላይ ሲሆን መሀሉን በሦስት ነጥብ ይተካዋል፤ ጥያቄ 11 እስከ 110 ሦስት ነጥብ ሆነው ቀሩ ማለት ነው። ቅንብሩን መቀየር ይቻላል፣ ማን ያስታውሰዋል እንጂ። ፓንዳስ ለማትለቁ ሰዎች አቋራጭ አለ፦ «ሄድ» ካላችሁ በኋላ ነጥብና ትልቁን «ቲ» ጨምሩ። ሰንጠረዡ ይገለበጥና ዓምዶቹ ወደ ታች ይሆናሉ። ዓይነቱን አያሳይም፣ ግን ለዓይን ዕረፍት ነው።

«ቲብል» የሚባለው የአር ሰንጠረዥም ዝም ብላችሁ ስሙን ስትጽፉ አስር ረድፍ ብቻ ያሳያል፣ የዓምዱ ስም ሥር ዓይነቱን በአጭሩ ይጽፋል፣ እስክሪን ላይ ያልገባውንም ዓምድ ከታች በስሙ ይዘረዝራል። ጨዋ ነው። የድሮው የአር ሰንጠረዥ ግን ስሙን ከጻፋችሁ ረድፉን ሲያንዠቀዥቀው የዓምዶቹ ስም ወደ ላይ ሮጦ ይጠፋል። ስታታ የተባለውን የስታትስቲክስ ሶፍትዌር የለመዱ ደግሞ «ሊስት ኢን 1/5» ይላሉ፤ እሱም ከላይ አምስት ነው፣ ስለዚህ ያልኩት ሁሉ እነሱንም ይመለከታል።

ፖላርስ የተባለውን ሌላ የሰንጠረዥ መሣሪያ ያልሞከረ ካለ ይሞክር። ረስት በተባለ የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ ነው፣ ከፓይተን ጋር ይሠራል፣ ፈጣን ነው። የእሱም «ሄድ» አምስት ረድፍ ነው። ግን ከላይ ስንት ረድፍ በስንት ዓምድ እንደሆነ ይጽፋል፣ ከስሙ ሥር ዓይነቱን ያስቀምጣል፣ ጽሑፉንም በትእምርተ ጥቅስ ያሳያል። «ግሊምፕስ»ንም ከአር ተውሶ ይዟታል። ሲኤስቪ ሲያነብ ዓይነቱን የሚገምተው ከመጀመሪያዎቹ 100 ረድፎች ነው። ከዚያ በኋላ ቁጥር ዓምድ ላይ «የለም» የሚል ቃል ካገኘ በስህተት ያቆማል። አንዳንዱ ይህንን ይጠላዋል። እኔ እወደዋለሁ፤ እንደ ፓንዳስ ሁሉን እሺ ብሎ ኋላ ከሚያዋርደኝ አሁን ይጩህ።

ትልቅ ፋይል ሲሆን ወሬው ሌላ ነው። ፓንዳስ ላይ «ሄድ» የምትሉት ሙሉው ፋይል ሜሞሪ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። ላፕቶፓችሁ 8 ጊጋ ራም ኖሮት ፋይሉ ሦስት አራት ጊጋ ከሆነ «ሄድ» ጋ ሳትደርሱ ማሽኑ ይነጫነጫል፣ ማራገቢያው ይጮሃል፣ ትዘጉታላችሁ። ስታነቡ «ኤንሮውስ» የሚለውን 50 አድርጉ፤ ከላይ 50 ረድፍ ብቻ ነው የሚያነበው። ከመሀል ከፈለጋችሁ ግን ዳክዲቢ የተባለ የዳታቤዝ መሣሪያ አለ። ሲኤስቪውን በስሙ ጠርታችሁ ኤስኪውኤል በተባለው የዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋ መጠየቅ ትችላላችሁ፣ «ሊሚት» እና «ኦፍሴት» ብላችሁ ከመሀል ትቆርጣላችሁ። «ሰመራይዝ» የምትለው ትእዛዙ ደግሞ ለእያንዳንዱ ዓምድ ትንሹን፣ ትልቁን፣ ስንት የተለያየ ዋጋ በግምት እንዳለና ስንት ፐርሰንቱ ባዶ እንደሆነ ትሰጣለች። ረድፍ አይደለም የምታሳየው፣ ግን ብዙ ጊዜ ረድፍ የምናየው ይህንን ለማወቅ ነበር።

ስለ ፊደላችንም ላንሳ። ተርሚናል በተባለው፣ ጽሑፍ ብቻ በሚታይበት የትእዛዝ መስኮት ላይ የግዕዝ ፊደል ያለው ሰንጠረዥ ስታዩ ዓምዶቹ ቀጥ ብለው አይቆሙም። የእኛ ፊደል ከላቲኑ ሰፋ ስለሚል፣ ፎንቱም ከሌላ ቦታ ተበድሮ ስለሚመጣ፣ «ገብረመድኅን» ያለበት ረድፍ ወደ ቀኝ ይገፋል። ፖላርስ በሚሠራው ባለ መስመር ሣጥን ላይ ደግሞ አጥሩ ይጣመማል። ጁፒተር ላይ ይህ ችግር የለም፣ ሰንጠረዡን እንደ ድረ ገጽ ስለሚሠራው ቀጥ ብሎ ይቀመጣል። ታዲያ እሱም የራሱ ተንኮል አለው። ድረ ገጽ ሁለት ክፍት ቦታን እንደ አንድ ነው የሚያሳየው። «አዲስ አበባ» በአንድ ክፍት ቦታና «አዲስ  አበባ» በሁለት ክፍት ቦታ ጁፒተር ላይ መንታ ናቸው፣ ለኮዱ ግን ሁለት ከተማ። እያንዳንዱ ቃል ስንት ጊዜ እንደተጻፈ የሚቆጥረውን «ቫልዩ ካውንትስ» ስትሉ ነው የሚጋለጠው፦ አዲስ አበባ፣ አሁንም አዲስ አበባ፣ አ.አ፣ አ/አ። ከአንድ ከተማ አራት። ስም ላይማ አይነሳ፤ ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሃይሉ፣ ኀይሉ አንድ ሰው ይሁኑ አራት ሰው ማንም አያውቅም። አምስት ረድፍ አይታችሁ ይህንን አታገኙትም፣ ሃምሳም ቢሆን።

አጽድታችሁ ለጋሼ ስትልኩ ደግሞ ሲኤስቪውን «ዩቲኤፍ 8 ሲግ» በሚለው ኢንኮዲንግ፣ ማለትም የፊደል አቀማመጥ ዘዴ፣ አስቀምጡት። ያለዚያ ኤክሴል ላይ ሁለት ጊዜ ጠቅ ሲያደርጉት አማርኛው ምን ቋንቋ እንደሆነ የማይታወቅ ዝብርቅርቅ ይሆንባቸዋል፣ ይደውሉላችኋል፣ እናንተም ሦስተኛ ፎቅ ትወጣላችሁ።

ዋጋውን ለሚጠይቅ፣ ሁሉም ነጻ ናቸው፤ ከስታታ በቀር። ፓንዳስና ፖላርስ ለማውረድ የሞባይል ፓኬጅ ይበቃል። «ዲፕላየር»ን የያዘው የአር «ታይዲቨርስ» ግን ሰብሰብ ያለ ዕቃ ነው፣ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ብታወርዱት ይሻላል፤ አራት ኪሎ አካባቢ ከሆናችሁ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለላችሁ። አንዴ ከወረደ በኋላ ኢንተርኔት አይፈልግም። ጁፒተር ብሮውዘር ውስጥ ስለሚከፈት ኔት የሚፈልግ የሚመስላቸው አሉ፤ አይፈልግም፣ የሚሠራው እዚያው ማሽናችሁ ላይ ነው። ኔት የሚፈልገው በጉግል ኮምፒውተሮች ላይ የሚሠራው የጉግል ኮላብ ነው። ለልምምድ አሪፍ ነው፣ የደንበኛ ስልክና ቲን ያለበትን ፋይል ግን እሱ ላይ አትጫኑ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ «አምስት ረድፍ ብቻ ነው ያየሁት» የሚል መልስ የሚያዋጣ አይመስለኝም።